ወንበሩ ጀልባ ነበር

ቅዳሜ ነው፤ ቫልዲቪያ ላይ ዝናቡ አላባራም፤
እኛ ከተማ ዝናብ ሲሄድ እንጂ ሲመጣ አይወራም።
ከዓሣ ገበያው ጥግ የባሕር አንበሶች ያጓራሉ፣
እኛን ከየመዋዕለ ሕፃናቱ ለቅመው "ሥልጠና" ይላሉ።
ሠላሳ አንድ ዓመት ያስተማርኩ፣ ጡረታ ከደጄ የቆመ፣
ጉልበቴ ደረጃ ሳይወጣ በማየት ብቻ የታመመ፣
እኔ ኤድቪና ባራኦና፣ ዛሬ ደግሞ ምን ሊሉኝ?
ደብተር ገለጥኩ፣ ቀኑን ጻፍኩ፣ አሰመርኩ፤ በሉ ንገሩኝ።

አሠልጣኟ ሚያራይ፣ የመጨረሻ ልጄ እኩያ፣
ጫማዋን በር ላይ ጥላ ገባች፣ እየጎተተች ጆንያ።
የቀኝ ካልሲዋ ተቀዶ አውራ ጣቷ ብቅ ብሎ ያያል፤
(እኔ ብሆን እንኳን ክፍል፣ ደጅ መውጣት ያሳፍረኛል።)
ስላይድ የለ፣ ዓላማ የለ፣ "በዛሬው ዕለት" የለ፤
ጆንያው ሲገለበጥ ያለው ሁሉ ወለሉ ላይ ተንከባለለ፤
የጠርሙስ ክዳን፣ የገመድ ቁራጭ፣ ወንዝ የላሰው እንጨት፣
የዛጎል ስባሪ፣ እጀታ የሌለው ድስት፣ ያለ ጓደኛ የቀረ ጓንት።
"ተጫወቱ" አለች።
"ምን እንሥራ?" አልኳት።
"እኔ ምን አውቄ!" ብላኝ ዞር አለች።

ምን አውቄ! ለዚህ ነው በሁለት አውቶቡስ የመጣሁት?

ኦርቴንሲያ ሳትለመን በሆዷ ተኛች፤ በክዳን መንገድ ዘረጋች፤
መንገዱ አልበቃ ሲላት የጎረቤቷንም ክዳን ሰረቀች።
ኤሊያሳር፣ ብቸኛው ወንድ፣ በር የሚያህለው ሰው፣
በቀጭን ድምፅ እያወራ ጓንቱን ከዛጎል ጋር አስታረቀው።
እኔ ክንዴን አጣጥፌ፣ ጨዋ ሆኜ ተቀመጥኩ፤
ዕድሜዬን ሙሉ ጨዋ ልጅ እንጂ ጨዋታ መች ጠየቅኩ?
ሁለቱ ቃል ደጅ ለደጅ ሲኖሩ መሐላቸው አጥር አጠርኩ።

ኋላ ግን ሰለቸኝ ይሁን፣ ወይም ያ ድስት አስቀናኝ፣
ወደ ወለሉ ልወርድ ስል ጉልበቴ ከዳኝ፤
ወንበሩን ያዝኩ፤ ወንበሩ ተገለበጠ፤
አራት እግሩ ወደ ጣሪያ ቀረ።
ማንም አልሳቀም።
እግሮቹ መሐል ተቀምጫለሁ፤
እጄ እንጨት ጨብጧል።

ያን ጊዜ ሊንኮያን መጣ።

አምስት ዓመቱ ነበር፤ አባቱ ከኒዬብላ ወደ ኮራል ሰው የሚያሻግር።
አንድ ማለዳ ወንበር ገልብጦ በማስመሪያዬ ሲቀዝፍ፣ ሲጣጣር፣
"ወንበር መቀመጫ ነው!" አልኩት፤
እስከ ምሳ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞርኩት።
ከኋላው ሳየው ትከሻው ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላል፤
ያልቅስ፣ አልኩ፤ እንባም ያስተምራል።
ሃያ ስድስት ዓመት ሲያለቅስ ነበር የማውቀው።
ዛሬ እንጨቱን ይዤ የገዛ ትከሻዬን አየሁት፤
ከፍ ዝቅ።
ለካ አላለቀሰም።
እየቀዘፈ ነበር።

ሚያራይ "ምንድን ነው?" አላለችም፤
ጠርዙ ላይ ቁጢጥ ብላ
"ውሃው ይቀዘቅዛል?" አለችኝ።
"በጣም፤ እግርሽን ሰብስቢ።"
ደብተሬ ላይ ከቀኑ በቀር አንድ ቃል የለም።

ሰኞ ጠዋት፣ ሁሉም ባለበት፣ አንድ ወንበር ገለበጥኩ።
ክፍሉ ጸጥ አለ።
ዶሚቲላ፣ የፊት ጥርሷ የወለቀው፣ ተነሣች፤
"አክስቴ፣ ወደቀብሽ" ብላ አቃናችው፤
አቧራውን በእጅጌዋ ጠርጋ
ወደ ጠረጴዛው አስጠጋችው፤
እጇን አጣምራ ቦታዋ ተመለሰች።
እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ!
እኔው ነኝ ያስተማርኳት፤ ማንን እወቅሳለሁ?

መልሼ ገለበጥኩት።
ማስመሪያዬን ዘረጋሁላት።
እሱን አየች፤ እኔን አየች።
ውጭ ዝናቡ አላባራም።